የሚስ ፔንዶክ መበለት እና ጓደኛዬ ታደለ

ወልድያን የለቀቅነው አመሻሽ ላይ ነው፤ እኔና ታደለ። ሁለታችንም እዚያው አስተማሪዎች ነበርን፤ እኔ እንግሊዝኛ፣ እሱ ጂኦግራፊ። ስማችን ለጦር ዘመቻ መተላለፉን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሹክ ሲለን እራት እንኳን ሳንቀምስ ወጣን። እናቴ በር ላይ ቆማ «በሰላም ግቡ» ብቻ አለች፤ ካለቀሰች ጎረቤት ይሰማላ። ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተደብቀን፣ ስንወርድ ስንሳፈር፣ ሞያሌን ተሻግረን ናይሮቢ ገባን።

እዚያ ኢስሊ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ሥራ የለም፣ ወረቀት የለም፤ መጠበቅ ብቻ። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ ገዛሁ። ደራሲዋ ሀርየት ፔንዶክ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ስሟን ሰምታችሁ እንደማታውቁ አውቃለሁ፤ የአገሯም ሰዎች ረስተዋታል። ይህንን የምጽፍላችሁ እንድታውቋት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት መበለት ቤቷን ታከራያለች። ከተከራዮቿ መካከል አንድ ጡረተኛ መኮንን አለ፤ አምርራ ትጠላዋለች፤ ግን ውጣልኝ እንዳትለው ጨዋነቷ ይይዛታል። ስለዚህ መጽሐፉን ሙሉ ሳትሰድበው ስትሰድበው ትኖራለች። ምሳ እያቀረበችለት፣ «መቼም በልተው ይሆናል» ትላለች። እሱም፣ «አይጨነቁ እመቤቴ፣ ገና ከትናንቱ አላገገምኩም» ይላል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያለ በግድ የሚያጎርስ ሕዝብ ለሆንን ለእኛ እንዲህ ያለ ግብዣ ጉድ ነው! መጨረሻ ላይ መኮንኑ ይሞታል። መበለቷ በማግስቱ ሁለት ሳህን ታቀርብና ትቀመጣለች። ያን ሁሉ ገጽ ያሳቀችህ ሴት እዚህ ላይ ታስለቅስሃለች።

ታደለ እንግሊዝኛው ደከም ስለሚል ፍራሽ ላይ ተጋድመን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብለት ነበር። ግድግዳውን እየደበደበ ይስቃል። «ይሄማ መታተም አለበት!» ያለው እሱ ራሱ ነው።

እኔ ስፖንሰር አግኝቼ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጣሁ፤ እሱ መንግሥት ሲለወጥ አገሩ ተመለሰ። ካልጋሪ አየሩም ከዳተኛ ነው። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ይመጣና በረዶውን ያቀልጠዋል፤ በጋ ገባ ብለህ ካፖርትህን ስትሰቅል በማግስቱ ብርዱ አጥንትህን ይሰብረዋል። ራንድል በሚባል ሰፈር ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን ማለት ነው፣ ያከራየኝ ሰውዬ አንድ ቀን በሩን አንኳኳ።

«ምግብህ ይሸታል» አለኝ።

«ምን ምን ይሸታል?»

ትንሽ አሰበ። «ምግብ ምግብ።» ቀጥሎም «ኖ ኦፌንስ»፣ አትቀየመኝ ማለቱ ነው፣ ብሎ ፈገግ አለ።

ሚስ ፔንዶክ ቤቴ ድረስ የመጣች መሰለኝ።

ቤልትላይን ከሚባል ሰፈር ካለ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ የቀሩትን ሥራዎቿን ፈልጌ አገኘሁ። ባለሱቁ ዓይኑን አላመነም፤ «እሷን ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። ሺፍት በሌለኝ ቀን ሁሉ ተቀምጬ የመበለቲቱን ታሪክ ተረጎምኩት። አንዲት ቃል ፍለጋ ሳምንት የቆየሁበት ጊዜ አለ። ሲያልቅ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ እንዲያሳትመው ለታደለ ላክሁት። በስልክም፣ «የእሷ ስም ከላይ፣ የእኔ ከታች በትንሹ» አልኩት። «አታስብ፣ ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ ራንድል ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣች ሰላም የምትባል ልጅ ከቦርሳዋ መጽሐፍ አወጣች። «አዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይሄን እያነበበ ነው፤ ስሙኝማ» ብላ ማንበብ ጀመረች። ወይዘሮዋ ለሻለቃው ሽሮ እያቀረበች፣ «መቼም በልተው...»

ሳትጨርስ ሳቅሁ። ብቻዬን። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አንብበኸዋል እንዴ?» አለችኝ።

ተቀብያት ሽፋኑን አየሁ። የታደለ ስም ብቻ ነው ያለው። የእንግሊዙ ከተማ ካዛንቺስ ሆኗል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን የእኔ ናቸው፤ ሳምንት የፈጀችብኝም ቃል አለች። መጨረሻውን ገለጥኩ። ሻለቃው አልሞተም፤ ወይዘሮዋን አግብቷል። ሁለቱ ሳህኖች የሉም። ምግቡን ሳልነካ ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ።

ታደለን ደወልኩለት።

«ስሟ የት ሄደ?» አልኩት።

«የማን?»

«የሚስ ፔንዶክ!»

«እንዴ፣ ሴትዮዋ ሞታለች እኮ። የፈረንጅ ስም ያለበት ደግሞ አይሸጥም አሉኝ።»

«የእኔስ?»

 ቁጣ በሚመስል ድምፅ፣ «አንተማ ካናዳ ነህ፤ ምን ጎደለህ?» አለኝ።

 በአንድ ፍራሽ ተኝተን፣ ያገኘናትን ለሁለት ቆርሰን የበላን ሰዎች ነን። ስልኩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ለፋሲካ እናቴ ጋ ስደውል ድምፅዋ በሳቅ ተሞልቷል። የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ እያነበበችላት ነው አሉ። «ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ልጄ። ደግሞ መጽሐፉ ሲያወራ ቁርጥ አንተን! ታደለ ነው የጻፈው፣ የአንተው ጓደኛ። አንተ ያን ያህል ተምረህ መቼ ነው እንዲህ ያለ የምትጽፍልኝ?»

«እማ፣ የጻፈችው ሀርየት ፔንዶክ ናት» አልኳት።

«ማን?»

ደገምኩላት። መስመሩ ይንጫጫል።

«ማን አልክ፣ ልጄ? ጮክ በል፤ አይሰማኝም።»