ጀርባውን ያዋሰ አባት

አንዲት አሮጊት የእህል መጋዘኑ በር ላይ ከረጢታቸውን በአንድ እጅ ከጎናቸው አርቀው ለማንሳት ሲታገሉ፣ አንድ ግዙፍ ጫኝና አውራጅ የተሸከመውን ጆንያ ግድግዳ ሥር ጥሎ ሮጠላቸው። ከረጢቱን ተቀብሎ ታክሲው ድረስ አደረሰላቸው።

«እማማ፣ ዕቃ ሲያነሱ ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉት። ዴልቶይድ ለብቻው አይችለውም።»

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«የትከሻ ጡንቻ ነዋ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገ።

የዚህ ታሪክ ጸሐፊ እዚያው ወረፋ ይዞ ነበርና ጠጋ ብሎ ይህን ስም ከየት እንዳወቀው ጠየቀው። ሰውዬውም ጆንያው ላይ ተቀምጦ አጫወተው።

ባልደረቦቹ «ክሬን» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሟል። ያለ እናት ያሳደጋት አንዲት ልጅ አለችው፤ ጤና ኮሌጅ ፊዚዮቴራፒ ትማራለች። ልጅቷ የጡንቻ ላብራቶሪ ፈተና ወደቀች። ስሞቹን እንደ ውኃ ጠጥታቸዋለች፤ እያንዳንዱ ጡንቻ ምን እንደሚያንቀሳቅስ ስትጠየቅ ግን ይምታታባታል። የቀራት አንድ ድጋሚ ፈተና ነበር፤ እሱንም ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

«መጽሐፉ ላይ ያለው ሰውዬ አይንቀሳቀስማ!» ብላ አለቀሰች።

«ታዲያ እኔ ለምን አለሁ?» አለና ክሬን ሸሚዙን አወለቀ።

ከአንገቱ እስከ ወገቡ በእስክሪብቶ መስመርና ቁጥር ሞላችው። «አባዬ፣ ክንድህን ወደ ጎን አንሳ... አሁን ወደ ታች ሳበው...» እሱ ይንቀሳቀሳል፤ እሷ የሚጠነክረውን በጣቷ እየዳሰሰች ስሙንና ሥራውን ትናገራለች። አንድ ቀን «ትራፔዚየስ፣ ትከሻን ወደ ላይ ያነሳል» ብላ ልታልፍ ስትል ክሬን እንቢ አለ።

«እሱ ብቻ አይደለም። ጆንያው ሲደላደል ትከሻዬን ወደ ኋላም ይስበዋል።»

መጽሐፉን ገለጠች፤ እውነቱን ነው። «መቼ ነው ያጠናኸው አባዬ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ!»

ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ እንዲሰበስብ ስትጠይቀው ግን «ተይ አንቺ፣ ነውር ነው!» ብሎ ብድግ አለ። እግር ከመጽሐፍ ብቻ ተጠና።

ቀለሙ በአንድ እጥበት አይለቅም። መጋዘን ውስጥ ሸሚዙን ሲያወልቅ ሳቅ ሆነ።

«ክሬን፣ ቁጥር የጻፉብህ ወዴት ሊጭኑህ ነው?»

«ወደ ኮሌጅ!» አላቸው ደረቱን ነፍቶ።

የፈተናው ዕለት ከሥራ ቀርቶ ኮሌጁ በር ላይ ቆመ፤ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመ። ውስጥ የሚጠየቀው ጡንቻ ላይ ስፒል የተሰካባቸው የሰው አካል ሞዴሎች በየጠረጴዛው ተደርድረዋል፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው። ልጅቷ በደረሰችበት ሁሉ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች የአባቷን ጀርባ በሐሳቧ ዳሰሰች። ከአርባው ጥያቄ ሠላሳ አምስቱን አገኘች። የጎደሉት አምስቱም የእግር ናቸው።

«የእግሩ ጥፋት የኔ ነው» አለ ክሬን። «በማግሥቱ ቁምጣ ገዛሁ። ግን አለፈችልኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን! ይሄ ጀርባ ለጆንያ ብቻ የተሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።»

ፊቱ እንደ ፀሐይ በርቶ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ እስካሁን ስትጽፍ አይቼሃለሁ፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከልጄ አንድ ዓመት በታች ያሉት ተማሪዎች በሚመጣው ወር ይፈተናሉ፤ እነሱም የሚንቀሳቀስ ሰው የላቸውም። ለኮሌጁ አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይምጡ በልልኝ።»