ደመላሽ መርዶ ነጋሪው

ደመላሽ ቀየት ገበያ ላይ ዝተት ይሸጣል። ያን ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም የመንዝ ልብስ ከመሸጡ በፊት የገዢውን ጤና፣ የልጆቹን ጤና፣ የበጎቹን ጤና ይጠይቃል፤ ዋጋ የሚጠራው ገዢው ሰልችቶት ሊሄድ ሲነሣ ነው። ባለቤቱ አየለች «አንተ እኮ ቤት ቢቃጠል በሰላምታ ነው የምትጀምር» ትለዋለች። አባባሉን ባይወደውም ሐሰት ነው ለማለት አይደፍርም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሰው በፊልም ላይ መልእክተኛ ሆኖ እንዲጫወት የተመረጠው እሱ ነው። ሰብለወንጌል የምትባል አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ጓሳ ሜዳ ላይ የእንጨት መድረክ አስተከለች፤ የጥንት ግሪኮችን የሐዘን ተውኔት ያለ መጋረጃ፣ በነፋስ መሐል፣ ንግሥቲቱን ዝተት አልብሳ ልትቀርጽ ነው። የደመላሽን ነጎድጓድ ድምፅ ገበያ ላይ ሰምታ ወደደችው። ሥራው ሮጦ ገብቶ «ንግሥት ሆይ፣ ልጅሽ ሞቷል» ማለት ብቻ ነው። እሱም የፊልም ሰው ሆንኩ ብሎ ቀየትን አዳረሰ። አየለች ግን «እስቲ አንድ ነገር ቀጥ አድርገህ ስትናገር እንይህ» አለችው። እንቅልፍ የነሣችው ይህች ነገር ነች።

የቀረጻው ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሮጦ ገባና ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ ንግሥት ሆይ? ከብቱስ፣ አዝመራውስ? ልጅዎን እንኳ ትንሽ አሞት ነበር...»

«ይቁም» አለች ሰብለወንጌል። «ጋሽ ደመላሽ፣ ሞቷል ነው የሚሉት።»

«መርዶ በእኛ አገር ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። አመሻሽ ላይ ብቻዋን ላለች ሴት እንዲህ ዱብ ይደረግባታል?»

«ተውኔት ነው እኮ።»

ደጋገሙት። አንዴ «በጠና ታሟል» አለ፤ አንዴ «የባሰ አታምጣ» ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ «ልጅሽ ሞቷል» ሲል ንግሥቲቱ ጮኻ ወደቀች። ሥራዋን የምታውቅ ተዋናይት ነበረች። ደመላሽ ደንግጦ ካሜራውንም ተውኔቱንም ረሳና ደግፎ እያነሣት «አይዞሽ ልጄ፣ ውሸት ነው። ልጅሽ ደኅና ነው። እነዚህ ናቸው በል ያሉኝ» ብሎ ወደ ካሜራው ጠቆመ።

አዘጋጇም አዲስ አሠራር ነው ብላ ያንኑ ፊልሙ ላይ ተወችው። ቀየት አዳራሽ በታየ ዕለት ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ አየለችማ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ገበያው «ደኅና ነው» የሚል ስም አወጣለት። ደመላሽ ተናዶ ተናዶ ሲሰለቸው አብሮ መሳቅ ጀመረ። «ግሪኮች የገደሉትን ልጅ ያስነሣሁ እኔ ነኝ» ይላል።

አንድ የገበያ ቀን እትዬ አበዛሽ ዝተት ወደሚሸጥበት መጡ። አምና አንድ ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ደመላሽ ሊቀልዱበት መስሎት ቀድሞ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«እስቲ ያችን ነገር ለእኔም በላት» አሉት።

ዙሪያውን የሚሄድበት ቃል ፈለገ፤ አልመጣለትም።

«ልጅዎ ደኅና ነው» አላቸው።

«ውሸትህን ነው» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ አጠገቡ እየተቀመጡ። «ግን ድገማት።»