የወንድሜ ባዜቃ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ። ከሆሳዕና ወጣን። በቅሎዋን በሁለት ጠገራ ብር የተከራየሁት ከሀቢቾ ወዲያ ከሚኖር ሄራሞ ከሚባል ገበሬ ነው፤ መንገዱንም የሚመራኝ እሱ ነው። የምሄደው ታላቅ ወንድሜን ተሰማን ይዤ ለመመለስ ነው። ወደ ግቤ በሚወርድ አንድ ወንዝ ዳር፣ ወርቁን ከአሸዋው በባዜቃ፣ በዚያ እንደ ውሃ በሚፈስ ብርማ ብረት፣ እየለየ ወርቅ ያጥባል። ሚስቱ «እጁ እየተንቀጠቀጠ ዋንጫ መያዝ አቅቶታል» ብላ ላከችብኝ። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ባዜቃ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ አመሻሽ። ጭቃ፣ ቁልቁለት፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት። ለማደር ሄራሞ ቤት ገባን። የሄራሞ ሚስት ቆጮ በአይብ አቀረበችልን፤ ርቦኝ ስለነበር አላፈርኩም። ውሃው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው።

«ወንድምዎ ካለበት ወንዝ ነው» አለኝ ሄራሞ። «እሱ ከላይ፣ እኛ ከታች። ሌላ ውሃ የለንም።»

ሁለተኛ ቅል አልጠጣሁም። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ረፋድ። ተሰማን ሳየው አለቀስኩ። ከስቷል፤ ድዱ ቆስሏል። በብረት ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ ባዜቃና ወርቅ የተጣበቁበትን እንክብል ያግላል፤ ባዜቃው ተኖ ሲያልቅ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ ፊቱን ይመታዋል።

«ጋሼ፣ ይህ መርዝ ነው፤ እንሂድ።»

«አንተ መድኃኒት ቤት ተቀምጠህ ፈሪ ሆነሃል። ይቺ ጠርሙስ ሳታልቅ አልሄድም።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ጠርሙሱን ነጠቅሁና ከወንዙ መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ተሰበረ። ባዜቃው ብልጭ እያለ ውሃው ውስጥ ጠፋ። ተሰማ ራሱን ያዘ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ሄራሞ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ቀረበኝ። «መርዝ ነው አላሉም?»

«ነው።»

«ታዲያ ውሃችን ውስጥ ለምን?»

ሐሙስ፣ ጠዋት። ተሰማ በበቅሎዋ ላይ ሆኖ እየተመለስን ነው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወንዙ ውስጥ የሚጥለው ባዜቃ ከእንግዲህ የለውም፤ እኔ ግን የቀረውን በአንድ ጊዜ ደፋሁት። ከሄራሞ መንደር በታች ሴቶች እንስራ ይዘው ወደ ወንዙ ወርደዋል። ሄራሞ ውሃው እንደተመረዘ በሀዲያኛ ነገራቸው። አንዷ ወደ እኔ ዞረች።

«እስከ መቼ አንቅዳ?» አለች በአማርኛ።

አላውቅም አልኳት። እሷም ጎንበስ ብላ እንስራዋን ሞላች።