ያልቀመስኩት የጊፋታ ሥጋ

ያስገቡኝ ክፍል እስር ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ ቀድሞ የግብር እህል ይከማችበት ነበር። እህሉ ወጥቶ ነቀዙ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ስትደገፍ ኮሌታህ ውስጥ ይገባል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት የሶዶ ገበያ ድምፅና የዳሞታ ተራራ ብርድ አብረው ይገባሉ። ከማስተምርበት ክፍል ነበር የወሰዱኝ፤ እጄን ከጠመኔው እንኳ አልታጠብኩም።

በማግሥቱ የፖሊሱ መቶ አለቃ አስጠራኝ።

«ባልና ሚስት ከአንድ ገበታ ይብሉ ትላለህ አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ሸክላ ሠሪ ቤት ገብተህ ውሃ ጠጥተሃል።»

«ጠምቶኝ ነበር።»

«ራዲዮ ያላዳመጠ ሽማግሌ አይፍረድ ብለሃል።»

ይህንንም ብያለሁ፤ ያን ቀን ስቀንበት ነበር። አመሻሽ ላይ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን የእሱን ራዲዮ እናዳምጣለን፤ እኔና እሱ፣ አንድ የሐኪም ቤት ድሬሰርና አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ዜናው ሲያልቅ ክርክሩ ይነሣል። መጽሐፍ ማብዛት ሰውን ያሠለጥናል ወይስ ያሳብዳል? ሙሽራ ሳትጠየቅ ትዳር ወይ? አራት ሰው የሰማውን ከተማው ቢሰማው አይገርምም፣ ቀላል ነው፣ እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ።

ያኔ መቶ አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጭሰኛው መሬት ካላገኘ ይህ መንግሥት የማን ነው ብለሃል።»

ይህን የተናገርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ከቦዲቲ በእግር ስንመለስ፣ ለዚያ ለጓደኛዬ ብቻ ነው። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። አብሮ አደጌ ነው፤ ሚዜዬ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እስከዚያ ቀን ድረስ የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ የታሰረው የሁምቦ ገበሬ ነበር፤ ለባለመሬቱ የበቆሎውን ድርሻ አልሰጠህም ተብሎ ነው። ስመለስ ፊቴን አይቶ በወላይትኛ ጠየቀኝ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ራዲዮ እያዳመጥን ብዙ አወራሁ።»

«ራዲዮ ይሰማል እንዴ?» አለ ገበሬው።

«አይሰማም። ይናገራል እንጂ።»

«ታዲያ አንተን ማን ሰማህ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ የደረሰው እዚያው እያለሁ ነው። በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ አዲሱን ዓመት መሻገር ነውር ነው። የተጣሉ ይታረቃሉ፤ በደለኛው በሽማግሌ ፊት በደሉን በአፉ ይናገራል፣ ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ቅጠል ሥጋ ይበላሉ። ከበላህ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንሳት አይቻልም።

በዋዜማው ወደ ግቢው አወጡኝ። ጓደኛዬ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ይዞ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆሟል። ሽማግሌው የሚስቴ አጎት ናቸው። ከቃሪያ የተፈጨው ዳጣ ሽታው ገና ከሩቅ ምራቄን አመጣው።

«ልጄ፣ ሚስትህ በሰላም ተገላግላለች» አሉኝ ሽማግሌው። «ሴት ናት። ይሄ ወንድምህ ዋስ ሊሆንህ መጥቷል፤ መቶ አለቃውም እሺ ብሏል። ብቻ ተቀያይማችኋል አሉ። ተቀያይሞ ዋስ መሆን ደግ አይደለም። ታረቁና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

ጓደኛዬ ቅጠሉን ፈታ። «የሆነው ሆኗል፣ ወንድሜ። ያለፈውን እንርሳው» አለና አንድ ጉራጅ ሥጋ ዳጣ አስነክቶ ወደ አፌ ዘረጋ።

«ምኑን ነው የምረሳው? ንገረኝና እረሳዋለሁ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«እዚህ ሰው ፊት…»

«ሰው ፊት እኮ ነው የሚነገረው።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «ያደረግከው ነገር ካለ ተናገር እንጂ። ደንቡ ነው።»

በልቤ እየለመንኩት ነበር። በል፣ አንድ ቃል ብቻ፤ ልብላልህ፣ ልውጣ፣ ልጄን ልያት። ይቅር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «ምንም የለም፣ አባቴ። እስሩ ሆድ አስብሶት ነው» አለ።

ለመቶ አለቃው ከነገረው ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ። ያኛውን ፈርቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።

«ምንም ከሌለ የምንታረቅበትም የለም» አልኩ። ሥጋውን ከእጁ ተቀብዬ ቅጠሉ ላይ መለስኩት፣ ጠቀለልኩት፣ አስያዝኩት። ሽማግሌው ሁለታችንንም አዩን። «ሕፃኗን እኔ እያየሁልህ እቆያለሁ» ብለውኝ ለብቻቸው ወጡ። እኔም ፖሊሱ ሳይገፋኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ልጄን ያየኋት ድክ ድክ ማለት ከጀመረች በኋላ ነው። እንግዳ ሆኜባት አለቀሰች። ሚስቴ ለዓመታት «ምናለ ጎርሰህ በወጣህ?» ትለኝ ነበር።

ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ከተማ አረጀን። ሰላምታ አልተነፋፈግንም። ጊፋታ ሲቃረብ በደጄ ሲያልፍ እርምጃው ቀስ ይል ነበር፤ ዛሬ ይናገራል ብዬ እነሣለሁ፤ እሱ ያልፋል። ባለፈው ዓመት ስንቀብረው ልጆቹ «እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ስለ አባታችን ይናገሩልን» አሉኝ። ተነሣሁ። በልጅነታችን ጎርፍ ሲወስደኝ ዘሎ እንዳወጣኝ፣ ሚዜዬ እንደነበረ፣ ሰው እንደሚወድ ተናገርኩ። ሁሉም እውነት ነው። ያችን አንዲት ነገር ግን አላነሣኋትም። እሷን መናገር የነበረበት እሱ ነው፤ ሣጥኑ እስኪዘጋ ድረስ ጠብቄዋለሁ።