የሁለት ሸለቆ ፊደል

ትናንት የአርት ክፍላችን ውስጥ አዲስ የሸክላ ጭቃ ከላስቲኩ ሲወጣ ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ። ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት፣ ግን ቀዝቀዝ ያለ። ወዲያው ዘጠነኛ ክፍል ተመለስኩላችሁ፤ ጓደኛዬ ከሰፈራችን ከስካይዌይ ወደ ኤቨረት ከተማ ቤት ቀይራ ልትሄድ አንድ ቀን ወደቀራት ከሰዓት በኋላ።

አስተማሪያችን ጥንድ ጥንድ አድርጋን፣ ጥንታዊ ፊደል ሸክላ ላይ እንድንቀርጽ አዝዛን ነበር። እኛ ራኤቲክን መረጥን። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አልፕስ ተራሮች ውስጥ የኖሩ ሰዎች ፊደል ነው፤ ሌላ ማንም ስላልመረጠው ደስ አለን። አንዱን ሸክላ ለሁለት ተካፈልነው፤ እሷ ግራውን፣ እኔ ቀኙን፣ እያንዳንዳችን የደረሰንን የጥንት ጽሑፍ ፎቶ እያየን። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ መቅረጫዋ እንጨት ጭቃውን ስትፍቅ ሲጥ ሲጥ ትላለች።

ስንጨርስ አንዷ ፊደል እሷ ጋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ እኔ ጋ ተዘቅዝቃለች።

«ገልብጠሻታል» አለችኝ።

«ባክሽ! የገለበጥሽው አንቺ!»

«ሁሌ አንቺ ነሽ ራይት! ኦኬ፣ የኔን አጥፊው!»

አስተማሪዋ መጥታ ሁለቱን ፎቶዎች አየችና ሳቀች። የሁለት ሸለቆ ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ ሸለቆ ቀጥ አድርጎ፣ ሌላው ዘቅዝቆ ይጽፋት ነበር። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሸክላው እንዳለ እሳት ይግባ አለችን። ሶ፣ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ጓደኛዬ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ሰው ነገ ሊሄድ አንቺ ስለ ፊደል ትጨቃጨቂያለሽ» አለችኝ። ያኔ ነው የከበዳት መሄዷ እንጂ ፊደሏ እንዳልሆነች የገባኝ።

በዚህ መሀል እናቴ ልትወስደኝ መጣች። እጄ ጭቃ በጭቃ መሆኑን አይታ ይዛልኝ የመጣችውን የፍርፍር ሳህን ከፈተች። ጓደኛዬ እጇን ታጥባ ነበር። አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችና፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ አባቷ መኪናውን ፓርክ ወዳደረገበት ወጣች።

«ኧረ በአንድ ጉርሻ! አንዱ ያጣላል እኮ!» ብላ እናቴ ከኋላዋ ጮኸች። (አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።)

አልዞረችም። የመኪናው መብራት ሲበራ በመስኮት አየሁ። በቃ፣ እንዲህ ሆነን ልንለያይ ነው አልኩ።

ከዚያ በሩ ብርግድ አለ። ፀጉሯ በዝናብ ርሶ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ሁለተኛውን ላጉርሳት፣ እትዬ» አለች ለእናቴ። «ተጣልተንማ አልሄድም።»

ይቺኛዋ ጉርሻ የፊተኛዋን እጥፍ ታክላለች። ውጭ አባቷ ጡሩምባውን ይነፋል።

«ኤቨረት ቅርብ ነው እኮ፤ ባስ አለ። ቅዳሜ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

አፌ በጉርሻ እንደሞላ፣ በጭቃው እጄ እጇን ጭብጥ አድርጌ ያዝኳት። እሷም ጭቃውን ሳትታጠበው ሄደች።