የካርታ አስተማሪዬና ወፍራሙ ፋይል

«ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው የምንፈልግህ» ብለው ነበር ከመምህራን ክፍል የወሰዱኝ። የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ስለነበር ቀዩን እስክሪብቶ ክዳኑን ሳልገጥም ትቼው ሄድኩ። ደብረ ታቦር ላይ በየቀኑ በባጃጅ የማልፈው የፖሊስ ጣቢያ አጥር ውስጥ የእስረኛ ክፍል መኖሩን ያወቅሁት በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ነው። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፣ ክፍሉ ላብና የረጠበ ብርድ ልብስ ይሸታል። አሥራ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«ካርታ ትችላለህ?» አሉ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሽማግሌ።

«ምን?»

«ካርታ። አንድ ሰው ጎድሎናል።»

በሕይወቴ እንደዚያ ግራ የተጋባሁበት ሰዓት የለም። ለምን እንደታሰርኩ የሚነግረኝ ሰው ስፈልግ፣ አምስት ካርታ ታደለኝ።

ሽማግሌው የእብናት የከብት ደላላ ናቸው። ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማሩት ይፋግ ላይ ከብት ሲያስጭኑ ከመኪና ሾፌሮች ነው። ካርታው ከመድኃኒት ካርቶን ተቆርጦ በከሰል የተሣለ ሲሆን፣ የምንወራረደው በገብስ ቆሎ ነበር። ቆሎውን በየጠዋቱ የምታመጣላቸው እኅታቸው ናት። እሳቸው ሁልጊዜ ያሸንፉና ያሸነፉትን ለክፍሉ ሰው ያካፍላሉ፤ ለራሳቸው አንዲት ፍሬ አይቀምሱም። ለጋስነት መስሎኝ ነበር።

እኔ ዕድልን በቀመር የማስተምር ሰው፣ ፊደል ባልቆጠሩ ደላላ በየቀኑ ተበላሁ። በሦስተኛው ቀን አዘኑልኝ መሰል፣ ጠጋ አሉኝ።

«መምህር፣ ሒሳቡስ አለህ። የጎደለህ ልጓም ነው። የመጣልህን ሁሉ ትጫወታለህ። አምስት ጊዜ ቢታደልህ አራቱን ጊዜ ካርታህን ጣልና እለፍ እንጅ። ደግሞ ስትፈራ ጆሮህን ትነካለህ።»

«ጆሮዬን?»

«ባዶ በያዝክ ቁጥር።»

አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መቀመጥ ተለማመድኩ። ካርታ መጣል ከመጫወት እንደሚከብድም ያኔ አወቅሁ፤ ተራዬን ዝም ብዬ ማሳለፍ ያንገበግበኝ ነበር። ሽማግሌው ግን አይለቁኝም።

«የያዘ ሰው አይጣደፍም» ይላሉ። «ገበያ ላይ የላሟን ወተት እየደጋገመ የሚነግርህ ሰው፣ ጥርሷን እንዳታይበት ነው። ያን ጊዜ አፏን ክፈትልኝ በለው። ሌላ ነገር አትናገር።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ መርማሪው አስጠራኝ። የልጄ ሰማንያ ቀን የሚሞላው እሑድ ነበር። እሱም ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ በቀይ ክር የታሰረ ወፍራም ፋይልና አንድ ገጽ ወረቀት አስቀምጧል። ወረቀቱ፣ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሠራ የፊዚክስ መምህር ጓደኛዬ፣ እኔ እየሰማሁ ተማሪዎችን ለረብሻ አነሳስቷል ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«ፈርምና እሑድ ልጅህን ክርስትና አስነሳ» አለኝ። ፋይሉን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ያንተ ፊርማ ለደንቡ ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ነበር። እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። ሁሉን ካወቁት የኔ ፊርማ ምን ይጎዳዋል ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ግራ እጄ ጆሮዬ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቀስ ብዬ ወደ ጉልበቴ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን አየሁት። ፋይሉን ይመታዋል እንጂ አይከፍተውም። ትፈታለህ ያለኝ ቀን ከእሑድ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ አሁኑኑ ተቀየረ።

«ፋይሉን ይክፈቱልኝና ላንብበው» አልኩ። «ከዚያ እፈርማለሁ።»

መዳፉን ፋይሉ ላይ ጫነ። «ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣና ጠባቂ ሊጠራ ወጣ። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ክሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ሽፋኑን ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜና ሥራዬ ተጽፏል። ሁለተኛው ነጭ ነው። ሦስተኛውም ነጭ። ከሥር፣ ከመሐል፣ ከመጨረሻው ገለጥኩ፤ ሁሉም ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። ለነጭ ወረቀት ጓደኛዬን ልሸጥ ነበር።

ጠባቂው ወደ ክፍሉ መለሰኝ። ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ሽማግሌው ብቻቸውን ካርታ ይበውዛሉ። ያየሁትን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ፋይሉን አወጣ? ባለ ቀይ ክሩን?»

«ያውቁታል?»

«በመጣሁ ባራተኛው ቀን አሳየኝ። ውፍረቱን ሳይ አለቀ አልኩ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩለት።»

«በማን ላይ?»

ካርታውን አንድ ዙር በወዙት። «በእኅቴ ባል።»

ያቺ ቆሎ ይዛ በየጠዋቱ የምትመጣ ሴት! ለምን እንደማይቀምሱት፣ ያን ሁሉ ሳምንት ለምን እኔ ላይ እንደለፉም ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኋላ ሳስበው ግን» አሉ፣ «ያን ያህል ወረቀት ተጽፎ ኖሯል። ሁሉን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። የኔ አንዲት ጣት ምን ጨመረች?» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ታነባለህ። ሞልቶ ነበር፣ አይደል?»

እጄ ሊነሣ ሲል ጉልበቴን ጨብጬ ያዝኩት።

«ሞልቶ ነበር፣ አባቴ» አልኩ። «እስከ መጨረሻው ገጽ።»

ፊቴን አላዩም። እጆቼን ነው የተመለከቱት፣ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ የቆሎውን ጨርቅ ፈቱና ለእኔ አንድ እፍኝ ሰጡኝ። ለራሳቸውም ጥቂት ዘገኑና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ብለው አላመጡ።

ልጄ ያለ እኔ ክርስትና ተነሣች፤ እኔ ክስ ሳይመሠረትብኝ የተፈታሁት ከዚያ በኋላ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ዛሬም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቀይ እስክሪብቶዬን ሳይጠይቀኝ ይወስዳል፤ የሆነውን አያውቅም። ሽማግሌው አምነውኝ ይሁን፣ ወይስ ውሸቴን አውቀው ተቀብለውኝ፣ እኔም አላውቅም። አንድ ሰው ያነብላቸዋል ብዬ ፈርቼ ይህን ሳልጽፍ ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን ማረፋቸውን ሰማሁ።

እኅታቸውና ባሏ ግን ዛሬም አብረው ይኖራሉ። የማንንም ስም ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።