ተረኛዋ እስክትመጣ

አብሽ ሲፈላ ሽታው ለአንድ ቤት አይበቃውም፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይገባል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ከአገር ቤት ለቀን ሥራ የመጣች አንዲት ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ፣ ማንንም ሳልጠይቅ በሯን ያገኘሁት በዚሁ ሽታ ነው። ከእኔ በፊት እዚያ የነበረችው ሴት የአብሹን ጀበና ከከሰሉ ላይ አወረደች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። እኔም የያዝኩትን ድስት ከፍራሹ አጠገብ አስቀምጬ ሴትዮዋ በተነሳችበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እታለም ዘሀራ ትዝ አለችኝ። ትዝ አለችኝ ማለቴም ለወጉ ነው እንጂ ድስቱ የእሷ ነው፣ መቀመጡንም ያስተማረችን እሷ ናት።

እታለም ዘሀራ የወሎ እስላም ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። እኛ ልጆች ከሩቅ ስናያት ሳናጠፋ እንደነግጥ ነበር። ገበያው ዳር፣ ከተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ሥር፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማና የገብስ ዱቄት በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። እቃውን ከጅጅጋ የሚያመጣላት ወንድሟ እንድሪስ ነው። የጭነት መኪናው ክላክስ ከሩቅ ስለሚታወቅ ከተማው ገና ጫፍ ላይ ሳለ፣ «እንድሪስ መጣ» ብላ ጣሳዎቿን ማጠብ ትጀምራለች። ባልም ልጅም አልነበራትም። እንድሪስ ብቻ ነበራት።

እኛ ሀርጌሳ የገባነው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። አባዬ ግንበኛ ነበር። ከተማዋ በመጀመሪያው ጦርነት በቦምብ ፈራርሳ፣ የተረፈው ቤት ጣራው ሳይቀር ተገፍፎ ተወስዶ ስለነበር፣ ግንበኛ እዚያ ሥራ አያጣም ብለውት ተሻገርን። ሥራ አላጣም፤ ሰላም ግን ብዙም ሳይቆይ ታጣ። አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ኤዶ ሆዳን ከምትባል ሶማሌ ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። ኤዶ ማለት በእነሱ አክስት ማለት ነው፤ አከራያችንን እንደዚያ ነበር የምንጠራት። የክፍላችን ጣራ ግማሹ ሸራ፣ ግማሹ የእርዳታ ዘይት ከመጣበት ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ግማሹ ያፈስብናል፣ ግማሹ ያደነቁረናል።

በዚያ ዘመን ሰፈሩ ውስጥ የተበተንነው ሐበሾች ክርስቲያንም እስላምም ነበርን። አገር ቤት ቢሆን አራስ እናት አላት፣ እህት አላት፣ አማት አላት። እዚህ ማን አላት? ይህን ያሰበችው እታለም ዘሀራ ናት። ሴትዮዋ የሰው ሆድ መግፋቱን ከራሷ ከነፍሰ ጡሯ ቀድማ ታውቃለች ይሏት ነበር። ሆዱን ካየች ምንም አትናገርም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከገብሱ ዱቄት ትንሽ ትንሽ እያነሳች በጨርቅ ትቋጥራለች። ሴትየዋ የወለደች ለት ድስቷ ጉዞ ይጀምራል።

ቂጡ የተጣፈ ትልቅ የብረት ድስት ነው። ተረኛዋ ገንፎም ሆነ አጥሚት ሠርታ በድስቱ ይዛ ወደ አራሷ ትሄዳለች። ድስቱ ሲታጠብ የነገዋ ተረኛ ቤት ይላካል። ድስቱ ያደረበት ቤት ነገ ያበስላል፣ አለቀ፤ አስታዋሽ አያስፈልግም። ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ሥጋ አይገባበትም። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ እታለም ዘሀራ ደግሞ፣ «ሥጋ ይለያየናል፣ ገንፎ ግን አይለያየንም» ትላለች። ሁለተኛው፣ ድስቱን ያመጣች ሴት ተረኛዋ እስክትመጣ ከአራሷ አጠገብ አትነሳም። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ብረት ከትራሷ ሥር፣ ሰው ከአጠገቧ። ሻይ የምትሸጠው አልማዝ አንድ ጊዜ ድስቱን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ብትሮጥ፣ እታለም ዘሀራ በገበያው መሀል፣ «ድስት ማድረስ አህያንም አያቅተው፤ ቁም ነገሩ መቀመጡ ነው» ብላ አሳፈረቻት። አልማዝ አንድ ሳምንት አኩርፋ በሚቀጥለው ተራዋ ሹራብ ሥራ ይዛ መጣችና ቁጭ አለች።

እማዬ ወንድሜን የወለደችው ውጊያው በአየር ማረፊያው በኩል በጀመረበት ሰሞን ነው። መድፉ ሲተኮስ ከጣራችን ቆርቆሮ አቧራ ይራገፋል። ምጡ አልከፋም ነበር፤ የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ደም ነው። ያዋለደቻት አሮጊት ሶማሌ ደሙን በስንት መከራ ካቆመች በኋላ አባዬን ወደ ውጭ ጠርታ፣ በዚህ መንገድ መኪና ላይ ካወጣሃት ደሙ ይመለሳል፣ ከተመለሰ ደግሞ እኔም አላቆመውም አለችው። ሰው ሁሉ ፍራሹን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ድንበር ይጎርፋል። እኛ መሄድ አንችልም። ብንቆይ መድፉ፣ ብንሄድ ደሙ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ መዳፉን ያሻሽ ነበር፤ አባቴ ፈርቶ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ድስቱ መዞሩን አላቆመም። ሴቶቹ በጥይት መሀል ግድግዳ ለግድግዳ እየታከኩ ያመጡታል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ነገር ግን የጎረቤቱ ቤት በየቀኑ እየተቆለፈ ሄደ። አባዬም ውኃ ፍለጋ ጄሪካኑን ይዞ ከወጣ ግማሽ ቀን አይመለስም። አንድ ቀን ሰው ሲጠፋ ራሱ ገንፎ ላገንፋ አለና እንደ ሲሚንቶ አቦካው። እማዬ በዚያ ድካሟ ሳቀች፤ «ለግድግዳው አስቀምጠው» አለችው። በማግስቱ ድስቱን ያመጣችው እታለም ዘሀራ ነበረች።

እማዬን አብልታ፣ ጨርቋን አይታ፣ ወንድሜን በቅቤ አሽታ ቁጭ እንዳለች ያ ክላክስ ተሰማ። እንድሪስ ነው። የእህቱን ሱቅ እንዳለ ጭኖ፣ ከላይ ሰው ደርድሮበት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ እማዬን ሰላም አለና ወደ እህቱ ዞረ።

«ተነሽ እንጂ ዘሀራ። ሰው ተሳፍሮ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

«ተረኛዬ አልመጣችም።»

«ማናት ተረኛሽ?»

«አልማዝ።»

«አልማዝን ጠዋት ቤቷን ቆልፋ ስትሄድ አይቻታለሁ።»

እታለም ዘሀራ፣ «እንግዲያው ተራው ተመልሶ የኔ ነው» አለች።

እማዬ ከፍራሹ ላይ ቀና ለማለት እየሞከረች፣ «ሂጂ እታለም፣ እኔ ደህና ነኝ» አለቻት። ደህና አልነበረችም፤ ከንፈሯ ከአመድ አይለይም። እታለም ዘሀራ ትራሷን አስተካከለችላት። እንድሪስ ለመናት፣ ተቆጣት፣ መጨረሻ ላይ እጇን ያዘ። እሷም እጁን ስማ ለቀቀችው። ክላክሱ ከሩቅ አንዴ ተሰማ፣ ከዚያ አልተሰማም። እሷ የወንድሜን ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ያጠፈችውን መልሳ እየፈታች እንደገና ስታጥፍ አይቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ዱቄቱ ከእንድሪስ ጋር ስለሄደ የቀረን የጆንያ ቂጥ ነበር፤ እሷ አጥሚቱን ባቀጠነች ቁጥር እማዬም እየሳሳች መጣች። ጡቷ ነጠፈ። ወንድሜ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፣ በኋላ ማልቀሱንም ተወው፤ እታለም ዘሀራን ያስፈራት ይሄ ዝም ማለቱ ነው። «ያ ረቢ» ስትል የሰማኋት ያኔ ነው።

ግቢው ውስጥ የቀረች ሌላ ሰው ኤዶ ሆዳን ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ጦርነት ሸሽታ ጅጅጋ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ኖራለች፤ ትንሽ አማርኛም የለመደችው እዚያ ነው። አሁን ግን አንዴ ሸሽቼ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልሸሽም ብላ ከፍየሏ ጋር ተቀምጣለች። እሷን ማንም ተራ ውስጥ አላስገባትም ነበር። ሶማሌ ናት፣ ሥጋ ታመጣለች ብለን ነው። ለካ እሷ ከማዶ ሆና ድስቱ ሲገባና ሲወጣ፣ ሴቶቹ ሲቀንሱ እያየች ነበር። የእነሱም አራስ አርባ ቀን አትነሳም፣ ጎረቤት ያበላታል። ካምፕ ውስጥ በሸራ ሥር ስትወልድ ስሟን የማታውቃት ሴት ውኃ ታመጣላት እንደነበር በኋላ ነግራናለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ታጥቦ በራችን ላይ የተደፋው ድስት ጠፋ። ሲመለስ በኤዶ ሆዳን ጭንቅላት ላይ ነበር፣ እስከ አፉ የሥጋ ሾርባ ሞልቶ። ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቅ፤ ለዚያ ሰሞን ትልቅ ድግስ ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ማልቀሷን አወቅኩ። ረሃቡ ነው ያስለቀሳት፤ የእስላም ሥጋ መብላት ለእሷ ማተቧን መበጠስ ነው። ካልበላች ደግሞ ልጇ ይሞታል። ኤዶ ሆዳን ጭልፋ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። የቀረችን ብቸኛ ጎረቤት እሷ ናት፣ የምንኖረውም በእሷ ቤት ነው።

እታለም ዘሀራ ልታባብል አልሞከረችም። በሶማሊኛ እቅጩን ነገረቻት። ኤዶ ሆዳን ጭልፋውን አወረደች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁና በቃ ዛሬ ከቤት እንወጣለን ብዬ ደነገጥኩ።

«እና ምን ትበላለች?» አለች በአማርኛ።

«ባሏ ያረደውን» አለች እታለም ዘሀራ።

ኤዶ ሆዳን ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ፍየሏን በጆሮዋ ይዛት ነበር። ፍየሏን ለአባዬ አስረክባ፣ «እረድ፤ እኔ አላይም» አለችውና ጀርባዋን ሰጥታ ከአጥሩ ጋር ተፋጠጠች። ችግሩ፣ በቤታችን ስለት ያለው ቢላ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከእማዬ ትራስ ሥር ነው። ከአራስ ትራስ ሥር ብረት ይወጣል እንዴ? አባዬና እታለም ዘሀራ ተያዩ። በመጨረሻ ቢላው ወጣ፣ በምትኩ የአባዬ የግንበኛ መዶሻ ገባ። አባዬ በእስላም ግቢ «በስመ አብ» ብሎ አረደ።

የበሰለው በድስቱ አይደለም፤ በዘይት ቆርቆሮ ነው። ያበሰለችው እታለም ዘሀራ ናት። ግን የማትቀምሰውን ሥጋ እንዴት ታጣፍጣለች? በእንጨት ማንኪያ ጨለፈችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «ጨው ቅመሽልኝ» አለችኝ። ያቺ ፊቷን የማትፈታው ሴት አፌን አፌን ታያለች። ትንሽ ይጨመር አልኩ። ጨመረች። እንደገና ቀመስኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥጋ በልቻለሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

እማዬ ከውስጥ የራሷን ጠጣች። እታለም ዘሀራና ኤዶ ሆዳን ደጃፉ ላይ ከድስቱ የእነሱን ጠጡ። መድፉ ሲያጓራ ሁለቱም ጎንበስ ይላሉ፣ ሲያበቃ ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ ኤዶ ሆዳን እጇን ታጥባ ገባችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እታለም ዘሀራ አየቻት፤ «ተረኛዬ መጣች» አለችና ባለችበት ወለሉ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ስንት ቀን እንዳልተኛች ያኔ ነው የገባን። ማታ ላይ ወንድሜ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። በለቅሶ እንደዚያ ደስ ያለው ቤት አይቼ አላውቅም።

መድፉ ራቅ ሲል የሸሹት ሴቶች አንድ በአንድ ተመለሱ። እታለም ዘሀራ ድስቱን በአመድና በአሸዋ ስትፈትግ አልማዝ ደርሳ፣ ሥጋ ነክቶት ነበር እንዴ ብላ ጠየቀች። «ነክቶታል፣ ታጥቧል» አለቻት። አልማዝ እማዬን አየች፣ ልጁን አየች፣ ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀች። ኤዶ ሆዳን ከዚያ ወዲህ ተራ ነበራት። ወንድሜ ጅጅጋ ሄዶ ክርስትና ተነሳ፤ ዛሬ እዚያው ቁመቱ በር የማያስገባው ሹፌር ሆኗል።

እንድሪስ ግን አልተመለሰም። ከድንበር ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ጅዳ አለፈ ተባለ። እሷ ባዶ እጇን ከአንድ ጣሳ አብሽ ጀመረች። የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ከሸራው ሥር ብቅ ትላለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። ከዓመታት በኋላ መርዶው ከጅዳ መጣ። እማዬ ያን ለት ድስቱን ሞልታ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ሌሎች ሊተኳት ሲመጡ አልተነሳችም፤ በሁለተኛውም አልተነሳችም። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

እታለም ዘሀራ የተቀበረችው እዚሁ ሀርጌሳ ነው። ድስቱ ቂጡ ሁለት ጊዜ እንደገና ተጥፎ ይኸው ይዞራል፤ አሁን የሚበዙት ለቀን ሥራና ለሰው ቤት ሥራ የሚመጡ ልጆች ናቸው፣ አንዷ ሌላዋን ሳታውቃት ትቀመጥላታለች።

ያን ቀን መሐመድ ሞጌ ላይ የመሥሪያ ቤቴ መኪና ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ክላክስ ነፋ። ልጅቷ ከፍራሿ ቀና ብላ፣ «ይሂዱ እትዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለችኝ። ሹፌሩ እንደገና ነፋ። ወጥቼ ተረኛዬ አልመጣችም አልኩት፤ አልገባውም፣ ትቶኝ ሄደ። የእኔ መኪና ነገ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፣ የሕፃኑን ጨርቅ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።